ከአዳም ዘመን የሚረዝም ቁጥር

ሐምሌ 13 ቀን 1943 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ

ይህን ደብተር የከፈትሁት በግራ ጫማዬ ላይ ክስ ለማቅረብ ነው። ቀኙ ታማኝ ነው፤ ከእግሬ ጋር ወጥቶ ከእግሬ ጋር ይገባል። ግራው ግን ትናንት ከቁሐር ሚካኤል ስመለስ ዋልካው ውስጥ ቀረ። ጭቃው ያዘው፣ እኔ ጎተትሁ፣ እግሬ ወጣ፣ ጫማው አልወጣም። ጎንደር ድረስ ሄጄ የገዛሁት ጫማ ነው። ለሌላው ሰው ወረታ ዋርካው ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ለራሴ ግን በጭቃ ላይ የሚፈርድ ዳኛ ስላጣሁ እዚህ ጻፍሁት።

ቆም ብዬ ብፈልገው ይገኝ ነበር። አልቆምሁም። እየሸሸሁ ነበር።

ማታ ልጨምር፦ ትናንት የሚካኤል ማኅበራችን ነበር። ሽማግሌዎች ያየህን ከበውታል። ያየህ የእህቴ የእማዋይሽ ባል ነው። የአማከለች ልጅ አበረ የያየህን ልጅ አገኘሁሽን እንዲያገባ ይለምኑታል። ያየህ ሦስተኛውን ዋንጫ ጨርሶ ልቡ ለስልሷል። "በመስከረም የማኅበሩ ተራ የእኔ ነው፤ ያን ጊዜ ቤቴ ጠላ እየጠጣን እንጨርሰዋለን" አለ። ነገሩ አልቆ ነበር። አንድ ሰው ዝም ቢል አልቆ ነበር።

"የያየህ ጠላ ከርብ ወንዝ በምን ይለያል? ርብ ዓሣ አለው" አልሁ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አበረም ሳቀ፤ እሱ ምን ያድርግ፣ ልጅ ነው። ያየህ የሳቀውን አየ፣ ተነሣ። "ስሙኝ" አለ። "የማኅበሩ፣ የሰንበቴውና የከብቱ ተራ፣ ሦስቱም በአንድ ቀን ቤቴ ካልገቡ ልጄን ለአበረ ብሰጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ። የገቡ ቀን ግን ያለ ሽማግሌ እሰጣለሁ።"

ማንም አልሳቀም። አማከለች ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሩ ላይ ስታልፍ አየችኝ። እኔም ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ፤ የቀረውን ጽፌዋለሁ።

ሐምሌ 17

አገኘሁሽ መጣች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ፊደል ያስቆጠርኋት፣ ማባዛት ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

"አያ፣ የአንበሳሜው ደረሰ ሰው ልኳል።"

"ደረሰ? ያ የከብቱ ቁጥር ከጥርሱ ቁጥር የሚበልጠው?"

"አያ፣ ዛሬ አትቀልድ።"

ደረሰ ሚስቱ የሞተችበት፣ የአባቷ እኩያ የሆነ ሀብታም ነው። አባቷ ለመልእክተኞቹ "ከመስቀል በኋላ ኑ፣ ቁርጡን እነግራችኋለሁ" ብሏቸዋል። እማዋይሽ አልቅሳ ለምናዋለች፤ "መሐላ ነው" ብቻ ይላል።

"ቁጥር ታውቅ የለ?" አለችኝ ስትወጣ። "ሦስቱ ተራ መቼ እንደሚገናኝ ቁጠረዋ።"

ሐምሌ 21

ሦስት ቀን ዝናብ። ሦስት ቀን ቁጥር።

ማኅበርተኛው አሥራ ሁለት ነው፤ ወሩም አሥራ ሁለት፤ ጳጉሜን አሥራ ሁለተኛ ቀን የላትም። ስለዚህ የያየህ ተራ ምንጊዜም መስከረም 12 ነው። ሰንበቴው አሥራ ሰባት አባል አለው፤ በየእሑዱ አንድ ሰው። የከብቱ ጥበቃ ሃያ ሦስት ቤት ነው፤ የተራው ዱላ በየቀኑ ከቤት ወደ ቤት ያልፋል፤ ዱላው ያደረበት ቤት ሲነጋ የሰፈሩን ከብት ይዞ ይወጣል።

መስከረም 12 ከነዕለቱ ወደ ነበረበት የሚመለሰው በሃያ ስምንት ዓመት ነው፤ አራቱ ወንጌላውያን በሰባቱ ዕለታት ሲባዙ ማለት ነው። ይህ 10,227 ቀን ይሆናል። በሰንበቴው አሥራ ሰባት አባዛሁት፤ 173,859። በከብቱ ሃያ ሦስት አባዛሁት።

3,998,757።

ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ሰባት ቀን። ሁሉም ተራ እንዳለ ዞሮ ወደ ቦታው የሚመለስበት ዘመን። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቁጥር ወልጄ አላውቅም። ደግሜ አባዛሁት፤ ያው ነው። አምሮብኝ ጮክ ብዬ አነበብሁት።

ሐምሌ 22

ቁጥሩን ለየኔታ ንብረት ወሰድሁላቸው። የኔታ ጣራ ገዳም ተምረው የመጡ፣ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው ያሰላሉ። እኔ ባሕረ ሐሳቡን የሰማሁት ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው፤ ማካፈሉን የተማርሁት ደግሞ መንገድ ሲሠራ የለኪዎችን ገመድ እየጎተትሁ።

የኔታ ቁጥሩን በግዕዝ አሐዝ ጻፉት፦ ፫፻፺፱፼፹፯፻፶፯።

"ልክ ነው" አሉ። "ዓመቱስ ስንት ይሆናል?"

"አሥር ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት፣ የኔታ።"

"ከአዳም እስከ ዛሬ ሰባት ሺህ አራት መቶ አርባ ሦስት ነው። መንግሥቴ፣ ይህ ተራ ሲጀመር ከብቱን ማን ይጠብቅ ነበር?"

ሐምሌ 24

ሞኝ ነኝ። ገበያ መሐል ቁጥሩን ለሰው ሁሉ አወራሁት። ለጨው ሻጩ፣ ለእህል ሰፋሪው፣ ለአህያ ነጂው። አገር ሁሉ አፉን ከፈተልኝ። ያየህም ከሰዎቹ መሐል ቆሞ ኖሯል።

"አሥር ሺህ ዓመት ነው ያልኸው?"

"አሥር ሺህ ዘጠኝ መቶ—"

"ጎሽ። እስከዚያ የእኔም ጠላ ይደርሳል።"

ሰው በእኔ ሳቀ። አባባሉ ግሩም ነበር፤ እኔ ብዬው ኖሮ ዓመቱን ሙሉ እኮራበት ነበር። መሐላውን በምላሴ አስማልሁት፣ አሁን ደግሞ በቁጥሬ አጠርሁለት።

ነሐሴ 2

ርብ ሞልቷል። ሜዳው ባሕር ሆኖ ከብቱ ከፍ ወዳለው ተገፍቷል። ያየህ የዛሬው ተረኛ ነው፤ ገሣ ለብሶ ዱላውን ይዞ በሩቅ አየሁት። እሱም አየኝና ዱላውን በብብቱ ሸጉጦ አሥር ጣቱን ዘርግቶ አውለበለበልኝ። አሥር ሺህ ማለቱ ነው።

ጾም ነው። አልተሳደብሁም።

ነሐሴ 9

ለአበረ ወሬ ለማድረስ አማከለች ቤት ገባሁ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ነው፤ መንገዴ ስለሆነ ነው። ውሃው ስለሞላ በዚያ በኩል ዞሬ ነው መንገዴ የሆነው። አበረ አልነበረም።

ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ስለ ቁጥሩ አወራኋት። ሹሩባዋን በሻሽ እያሰረች ሰማችኝ። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

"ያ ሁሉ ዘመን የምኑ ነው?" አለች።

"ተራው ሁሉ ዞሮ እንደገና የሚገጥምበት።"

"እንደገና? መጀመሪያ የሚመጣበትስ?"

"እሱማ..."

"በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ እንግዳ ዛሬ አይመጣም ያለው ማን ነው?"

ውሃ የተኛበትን ሜዳ በባዶ እግሬ ዞሬ መጣሁ፤ ብርዱ አልተሰማኝም። ሴትዮዋ ልክ ናት። ቁጥሬ የመመለሻውን ርቀት እንጂ የመምጫውን ቀን አይናገርም። ቁጭ ብዬ ሠራሁት፦ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ መስከረም 12 አራት ጊዜ እሑድ ይውላል፤ ስለዚህ በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ ሦስቱ ተራ አራት ጊዜ ይገናኛል። አንድ አይደለም፣ አራት። ከአራቱ አንዱ የት እንዳለ የሚታወቀው ዛሬ ካለንበት ተነሥቶ በመቁጠር ብቻ ነው።

ለአማከለች ነገ ሄጄ ልነግራት ይገባል። መንገዴ ነው።

ነሐሴ 19

ባልቆጠርሁት።

ያየህ የመጨረሻ ሰንበቴውን ያወጣው ግንቦት 19 ነው። ከዚያ አሥራ ሰባት እሑድ ስቆጥር መስከረም ላይ ይወድቃል። የከብቱ ዱላ ነሐሴ 2 ቤቱ ነበር፤ ሃያ ሦስት ብጨምር ነሐሴ 25፤ ከዚያ ሃያ ሦስት ብጨምር እሱም መስከረም ላይ ይወድቃል። ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው።

መስከረም 13።

ማኅበሩ መስከረም 12 ነው። ቅዳሜ ማኅበሩ፣ በማግሥቱ እሑድ ሰንበቴውና ከብቱ። አንድ ቀን። በሰባት ሺህ ዓመት ውስጥ ተጉዞ ተጉዞ ደጁ ላይ ሲደርስ በአንድ ቀን ይስታል። ለየኔታ አላሳየሁም፤ "ከአጥር ውጭ የተማረ እንዲህ ነው" ይሉኛል ብዬ።

ለአገኘሁሽ ነገርኋት። "አንድ ቀን ብቻ?" አለች። ከዚያ እኔን ማጽናናት ጀመረች። እሷ እኔን።

ነሐሴ 25

ያየህ ዛሬ ከብት ጠባቂ ነው። ቆጠራዬ ትክክል ነው ማለት ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ።

ነሐሴ 28

ጠያቂ የለኝም፤ ከቁጥሩ ጋር እጫወታለሁ። የአሐዞቹ ድምር 48 ነው፤ ዕድሜዬ። ድምሩ ለሦስት ስለሚካፈል ቁጥሩም ለሦስት ይካፈላል። ለሰባትም ይካፈላል፣ ለአሥራ ሰባትም፣ ለሃያ ሦስትም። ሁሉንም ሳወጣለት የሚቀረው 487 ነው። እዚያ ላይ ቆመ። ለሁለት፣ ለአምስት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ዘጠኝ... እስከ ሃያ ሁለት ሞከርሁት። ሃያ ሦስት በሃያ ሦስት 529 ሆኖ ስለሚያልፈው ከዚያ ወዲያ መሞከር አያስፈልግም። ለራሱና ለአንድ ካልሆነ ለማንም አይካፈልም።

ይህን ዛሬ አማከለች ቤት አወራሁት። "ቤቱን ለብቻው ዘግቶ የሚኖር ቁጥር" አልኋት።

"እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ" አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ልጻፈው፣ ልጻፈው። እጄ እርጥብ ነው፤ ወረቀቱ ይቅር ይበለኝ።

ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ ይወርዳል። ሰው የሩፋኤልን ዝናብ ለበረከት ሊጠመቅ ደጅ ወጥቷል። አገኘሁሽ ልታየኝ መጥታ ደብተሬን ገለበጠች።

"ይህ ማን ነው፣ አያ?" ጣቷ 487 ላይ ነው።

"እልኸኛ ነው፤ ተዪው።"

"ሰባቱ የሳምንቱ ነው። አሥራ ሰባቱ የሰንበቴው፣ ሃያ ሦስቱ የከብቱ። ይኸኛውስ የማን ነው?"

"በሦስት ሲባዛ 1461 ይሆናል። የአራት ዓመት ቀን ነው።"

"ዓመት 365 ነው ብለህ አይደል ያስተማርኸኝ?" በከንፈሯ አባዛች። "አራት ጊዜ 365፣ 1460 ነው። አንዷ ቀን ከየት መጣች?"

"እሷማ የጳጉሜን ስድስተኛ ናት። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ..."

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጥሁ። ግራ ጫማዬን ከከሰስሁበት መስመር በላይ፣ በገዛ እጄ፦ ዘመነ ሉቃስ።

በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት! ትልቁን ቁጥር ስሠራ ያቺን ቀን አስገብቻታለሁ፤ ያ እልኸኛ 487 የተወለደው ከእሷ ነው። መስከረምን ስቆጥር ግን ዓመቱን ሁሉ 365 እንደሚሉት መንገድ ለኪዎች ጳጉሜንን አምስት አድርጌ አለፍሁ። አንድ ቀን ጳጉሜን ውስጥ ከገባች፣ መስከረም 13 ያልሁት እሑድ መስከረም 12 ነው። ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ከብቱ፤ ሦስቱም። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። የሚጠይቀው ጠፍቶ ነው።

አገኘሁሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ ወደ ዝናቡ ወጣሁ፤ ከነልብሴ፣ ከነአንድ ጫማዬ። እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምሁ። ጎረቤት "መንግሥቴ ዘንድሮ አማኝ ሆነ" ሲል ሰማሁት። ለሩፋኤል መስሎታል። ለሩፋኤልም ይሁን።

ጳጉሜን 4

ከቅዳሴ በኋላ የኔታን ለብቻቸው ይዤ ጥፋቴን ተናዘዝሁ።

"መስከረም አንድ ረቡዕ ነው፤ ሚካኤል እሑድ ይውላል" አሉኝ። "ይህን ከተማሪዎቼ ታናሹ ይነግርህ ነበር። ምነው ሳትጠይቀኝ?"

"ኩራት ነው፣ የኔታ።"

"እሱንስ አውቃለሁ። ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያየህ በሰው ፊት የተናገረው ቃል ያስረዋል፤ ይፈታዋልም። ግን አስቀድሞ ካወቀ የከብቱን ተራ ከጎረቤት ይለዋወጣል። ያን ጊዜ ዱላው ቤቱ አልገባም።"

ይህን አላሰብሁትም ነበር።

"የነፍስ አባትህ አይደለሁም፤ ነገርህን ግን እንደ ንስሐ እይዘዋለሁ" አሉ። "የእኔ አፍ አያሳስበኝም።"

የማን እንደሚያሳስባቸው አልተናገሩም።

መስከረም 1 ቀን 1944 ዓ.ም.

እንቁጣጣሽ። ያየህ ቤት ተጋበዝሁ፤ በዓል ስለሆነ ነው እንጂ ገና አልታረቀኝም። ጓዳ ሳልፍ አየሁ፦ እማዋይሽ ሁለት ትልልቅ ጋን አጥናለች፣ ጌሾው ተወቅጦ ተከምሯል። ለማኅበር አንድ ጋን ይበቃል።

"እህቴ፣ ሁለተኛው ለማን ነው?"

"ዘንድሮ ጠላው እንዲወፍር ብዬ ነው። ሰው ርብ ርብ ይለናል።" ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእሷ ምንም አልነገርኋት። አገኘሁሽም እምላለሁ አልነገረችም።

ማዕድ ላይ ያየህ፣ "ቁጥርህ ዛሬም ያው ነው?" አለኝ።

"ያው ነው።" ጉሮሮዬ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። በእንጀራ መለስሁት። ታምሜ እንደሆነ ጠየቁኝ።

መስከረም 5

እሑድ። የዛሬው የሰንበቴ ባለ ተራ ጽዋውን ለያየህ አስረከበ። "በሚቀጥለው እሑድ አንተ ነህ፤ ሚካኤልም በዚያው ቀን ነው፣ በርታ" አሉት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ያየህ ግን ሳቀ። "ሁለቱ መጡ! ሦስተኛው አሥር ሺህ ዓመት ይቀረዋል አሉ፤ ሊቁ ራሱ ቆጥሮታል" አለና ጀርባዬን መታኝ።

አልቆጠረም። ዱላው ሲመጣ ይወጣል፣ ሲሄድ ይረሳዋል፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የእኔን ትልቅ ቁጥር ስላመነ ትንሿን ሃያ ሦስት ለመቁጠር አልደከመም። ሐምሌ ገበያ ላይ ያፈርሁበት ጉራዬ አሁን ዘብ ቆሞልኛል።

መስከረም 8

አራት ቀን። አፌን ይዣለሁ። ዋርካው ሥር አልተቀመጥሁም፤ ሰው ሲያናግረኝ እስላለሁ። ያየህ ዱላው ሦስት ቤት ሲቀረው ያየው ይሆን? ትናንት በሕልሜ ሃያ አራተኛ ቤት ተሠርቶ አየሁ።

አማከለች ጎመን ዘር ላከችልኝ። መሬት እንደሌለኝ ታውቃለች።

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

ፀሐይ ገና አልገባችም። አገኘሁሽ እየሮጠች መጥታ ነግራኝ ተመለሰች፤ ሳልረሳው ልጻፍ።

ያየህ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። የማኅበሩ ጽዋ ከምሳ በፊት ደርሷል፤ የሰንበቴው ካለፈው እሑድ ጀምሮ ከጎኑ አለ። እማዋይሽ ሁለቱን ጋን ከፍታ ታቀምሰዋለች። "ወፍራም ነው" ይላል፣ ደስ ብሎት። ያን ጊዜ ጎረቤቱ ከብቱን መልሶ መጣ፣ ዱላውን ደፉ ላይ አስደገፈ። "ተራው ያንተ ነው፣ ያየህ። በሰላም ዋልበት" ብሎት ሄደ።

ያየህ ዱላውን አየ። ጽዋዎቹን አየ። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወደ ጋኖቹ ዞረ፤ ሁለት ናቸው። ወደ እማዋይሽ ዞረ።

"ታውቂ ነበር?" አላት።

"እኔ ምን ዐውቃለሁ፤ ቁጥር የሚያውቀው ወንድሜ ነው።"

ተነሥቶ ዱላውን ይዞ ወጣ። ወዴት እንደሄደ አገኘሁሽ አታውቅም። ወደ ጎረቤቶቹ ቤት ከሆነ፣ ከመጨለሙ በፊት አንዱን ቢለምነው፣ በአንዲት ቃል ዱላው ሌላ ደጅ ያድራል፤ ያ ሁሉ ዘመንም እንደገና ይጀምራል። አበረ ዕርሻ ላይ ነው። የኔታ ዋዜማ ቆመዋል። እኔ አንድ ጫማ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ብሮጥም የት እደርሳለሁ።

ለራሴ ልንገረው፦ ነገ ቢሆንም ባይሆንም ቁጥሬ ልክ ነበር። ይህን ማንም አይወስድብኝም። ያ 487 እንኳ ለብቻው ሲቆም ምንም አልነበረም፤ ከሦስት ጋር ሲገጥም አራት ሙሉ ዓመት ሆነ፣ ያቺ የጠፋች ቀንም ሳትቀር። እንዲህ ብዬ ለአማከለች ብነግራት ምን ትል ይሆን—

በር ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት የምጠብቀው ሰው የለም። በስንጥቁ አየሁ።

ያየህ ነው። በቀኝ እጁ የተራውን ዱላ ይዟል። በግራው ጭቃ የጠጣ ግራ ጫማ፤ ውሃው ሲጎድል መንገድ ዳር ተገኝቶ ይሆናል።

"መንግሥቴ፣ ክፈት" ይላል። "ነገ ሦስት ሰው መሆን አቃተኝ። እኔ ልጄን ስድር፣ ከብቱን አንተ ጠብቅልኝ። ጫማህን አድርግና።"

ልክፈትለት።